ጋሼ በላቸው ያላሉት

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። በየጾሙ እሄዳለሁ፣ እንበረከካለሁ፣ የተቆጣሁትን፣ ሰው ያማሁትን፣ ጸሎት ያስታጎልኩትን እናገራለሁ። ይህን ግን አልፌው እነሣለሁ። ስምንት ዓመት አለፍኩት። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ኀጢአት አይመስለኝም ነበር። ኀጢአት መሆኑ ሲገባኝ ደግሞ አባ «ደግ አደረግሽ» እንዳይሉኝ ፈራሁ። ደግ አደረግሽ ቢሉኝ ወዴት እሄዳለሁ?

ስለዚህ ለእናንተ እናገራለሁ፣ ይህን መጽሐፍ ለያዛችሁት። ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ የጋሼ በላቸው ሥራ ነው ተብላችኋል። እውነት ነው፣ የእሳቸው ሥራ ነው። ግን እኔ ነክቼዋለሁ። እሳቸው ሲናገሩ እኔ ነበርኩ የምጽፈው፤ ያላሉትንም ጻፍኩ። አንድ ቀን ብቻ አይደለም፤ ደጋግሜ ጻፍኩ። ዐይናቸው አያይም ነበር።

የምኖረው ዋሽንግተን አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ያኔ ከልጄ ከፌቨን ጋር ባለ አንድ መኝታ አፓርትመንት ነበርን፤ አሁንም እዚያው ነን። ሥራዬ አረጋውያንን መንከባከብ ነው። የምሠራበት የሆም ኬር ኤጀንሲ አሌክሳንድሪያ አንድ ሐበሻ ሽማግሌ አሉ፣ ቋንቋቸውን የሚያውቅ ሰው ይፈልጋሉ ብሎ ላከኝ። በቀዩ ባቡር ወርጄ፣ ወደ ቢጫው ቀይሬ፣ ከዚያ አውቶቡስ ይዤ ሄድኩ። ጋሼ በላቸው ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነበር። በወጣትነታቸው ጀርመን አገር ተምረው ተመለሱ፤ አብዮቱ ሲመጣ ተሰደዱ፤ እዚህ ታክሲ ሲነዱ አረጁ። ባለቤታቸው አርፈዋል። አንድ ልጅ አለቻቸው፣ ሊያ። አርሊንግተን ቢሮ ትሠራለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች። እዚህ ተወልዳ ስላደገች አማርኛ ትሰማለች እንጂ ማንበብ አትችልም።

የመጀመሪያው ቀን ገና ኮቴን ሳላወልቅ፦

«ማን ልበል?» አሉኝ።

«ወይንሸት እባላለሁ ጋሼ።»

«ወይንሸት፣ መጻፍ ትችያለሽ?»

የሚሞላ ፎርም ያላቸው መሰለኝ። «እችላለሁ። ምን ልጻፍልዎ?»

«መጽሐፍ» አሉኝ።

ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

የእጅ ጽሑፌ ጥሩ ነው። ደብረ ማርቆስ መዝገብ ቤት ሰባት ዓመት ሠርቻለሁ። የሰው ደብዳቤ ስገለብጥ አንዲት ፊደል አዛብቼ አላውቅም። ይህን የምናገረው ለመመስገን አይደለም። በእምነት መገልበጥ ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር ማለት እንዳልችል ነው።

መጽሐፉ ስለ አንድ ጀርመናዊ መነኩሴ ነው። ከሰባት መቶ ዓመት በፊት የኖረ ሰው ነው። ስሙን ወደ ውስጥ ስትገቡ ታገኙታላችሁ። ጋሼ ግን በስሙ ብዙም አይጠሩትም፤ «መነኩሴዬ» ነው የሚሉት፣ የሥጋ ዘመዳቸው ይመስል። ገና በልጅነቱ ከሰባኪ መነኮሳት ማኅበር ገባ። ፓሪስ ድረስ ሄዶ ያስተማረ ሊቅ ሆነ። ነገር ግን ሊቃውንት በሚያውቁት በላቲን ብቻ ተወስኖ አልቀረም። ለሴት መነኮሳትና ለተራው ሰው በገዛ ቋንቋቸው ሰበከ። ክርስቶስ በሰው ነፍስ ውስጥ ዛሬም ይወለዳል አለ። ሰው ለዚያ ልደት ቦታ የሚኖረው ሁሉን ሲለቅ ነው አለ፤ ሀብቱን፣ ፈቃዱን፣ ጽድቄ ነው የሚለውንም ጭምር። በእርጅናው በምንፍቅና ከሰሱት።

ጋሼ ተሳፋሪ ሲጠብቁ የመነኩሴውን መጽሐፍ መሪው ላይ ዘርግተው ያነቡ ነበር። ይህን ያደረጉት ወደ ሠላሳ ዓመት ነው። ጡረታ ሲወጡ ሕይወቱንና ስብከቶቹን በአማርኛ ሊጽፉ ተነሡ። ያኔ ዐይናቸው እምቢ አለ።

«እኛ እኮ ይኼን ሰው እናውቀዋለን» ይሉኝ ነበር። «በየገዳሙ እሱን የመሰለ ሰው አለን። አልተገናኘንም እንጂ አንተዋወቅም ማለት አይደለም።»

ቴሌቪዥን የሚመስል ማጉያ ነበራቸው። የታተመ ፊደል ከሥሩ ሲያደርጉ አንዱ ቃል መስኮቱን ሁሉ ይሞላዋል። በዚያ ጀርመንኛውን ቃል በቃል ይለቅሙታል። ከዚያ ዐይናቸውን ጨፍነው፣ ትንሽ ቆይተው፣ አማርኛውን ይነግሩኛል። የእጅ ጽሑፍ ግን በማጉያውም ቢሆን ጉም ነበር የሚሆንባቸው። እኔ የጻፍኩትን የሚያውቁት እኔው ሳነብላቸው ብቻ ነው።

በየገጹ ራስ ላይ በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ ብዬ ነው የምጀምረው። የእስክሪብቶዬን ድምፅ ይሰማሉ።

«ገና አፌን ሳልከፍት ምንድን ነው የምትጭሪው?»

«በስመ አብ ነው ጋሼ።»

«ጻፊ፣ ጻፊ። እሱን አልከለክልሽም። የኔን ግን አትዝለይብኝ።»

አትዝለይብኝ አሉኝ። በግልጽ ነገሩኝ።

እኔ ግን ፈርቼ ነበር። የካቶሊክ ነው፤ ያውም የገዛ ቤተ ክርስቲያኑ የከሰሰችው። እሑድ የምቆርብ ሴት ሰኞ ይህን ልጻፍ? አባን ጠየቅኋቸው፤ የጠየቅኋቸው ግን ግማሹን ነው። «የካቶሊክ መጽሐፍ የሚጽፉ ሽማግሌ እረዳለሁ» አልኳቸው። «እንጀራሽ ነው። እጅሽ ይሥራ፣ ልብሽን ጠብቂ» አሉኝ። አባ አልተሳሳቱም። እኔ ነኝ ልቤን እጠብቃለሁ ብዬ እጄን ያበላሸሁት።

የመጀመሪያውን አስታውሳለሁ። ፌቨን ያኔ ዐሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር፤ አስም አለባት። በዚያ ሰሞን ጠንቶባት ሆስፒታል ተኛች። አራት ቀን ከአጠገቧ አልተነሣሁም። ወለሉ ላይ ተንበርክኬ «ልጄን ስጠኝ፣ ሌላ ምንም አልጠይቅህም» አልኩት። ሰጠኝ። ተመስገን። ዛሬም ተመስገን።

ወደ ጋሼ የተመለስኩ ቀን ስለ ጸሎት የሚናገረው ስብከት ላይ ደርሰው ነበር። መነኩሴው፣ ለመዳን ብለህ ከጸለይክ የምትፈልገው መዳኑን ነው፣ እግዚአብሔርን መንገድ ብቻ አደረግኸው፤ ምንም አትለምነው፣ ራሱን ካልሆነ፣ እንደ ማለት ይላል። ጋሼ በጥሩ አማርኛ አሳምረው አሉት። እኔ እስክሪብቶውን ይዤ ቀረሁ። ልጄን ከሞት የለመንኩባት አፍ ገና አልደረቀችም። ይህን እንዴት በእጄ ልጻፍ? ብጽፈው ልጄን መልሶ ቢወስዳትስ?

«የጨነቀህን ሁሉ ለምነው፤ አባትህ ነውና ይሰማሃል» ብዬ ጻፍኩ።

«አንብቢልኝ» አሉ።

አነበብኩላቸው። የጻፍኩትን ግን አላነበብኩም። እሳቸው ያሉትን ከአእምሮዬ፣ ቃል በቃል፣ ዐይኔን ደብተሩ ላይ ተክዬ አነበብኩላቸው።

«ጥሩ» አሉ። «በጣም ጥሩ።»

ኀጢአቴ ይህ ነው። መጻፌ አንድ ነው፤ ማንበቤ ግን ይብሳል። መጻፉን ፈርቼ ነው ልበል፣ ልጄን ብዬ ነው ልበል። ማንበቡን ምን እለዋለሁ? አንድ ሰው ዐይኑን ዘግቶ ወንበሩ ላይ ደገፍ ብሎ የገዛ ቃሉን ሲሰማ፣ ደስ ሲለው፣ እኔ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ እዋሽ ነበር። በደንብ ነበር የምዋሸው። የማስታወስ ችሎታዬም እንደ እጅ ጽሑፌ ጥሩ ነው።

ከዚያ በኋላ ቀለለኝ። መነኩሴው ነፍስና እግዚአብሔር አንድ ይሆናሉ ሲል እኔ «ይቀራረባሉ» አልኩ። ጽድቅህንም ልቀቀው ሲል «በጽድቅህ አትኩራ» አልኩ። አንዳንዱን ቃል ብቻ ለወጥኩ፤ አንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ገለበጥኩ። ከመዝሙረ ዳዊት የወሰድኩትን ያስገባሁበትም አለ። አንዱን ሙሉ አንቀጽ ጨርሶ ዘለልኩት። በመጨረሻ የሚያስፈራኝን ብቻ አልነበረም የምነካው፤ የማይጥመኝንም፣ ያልገባኝንም ነካሁ። ጋሼ በራሳቸው ቃል የጻፉትን የመነኩሴውን የሕይወት ታሪክም ነካሁ። ያ ከምንም አልተተረጎመም፤ ከእሳቸው ራስ ብቻ የወጣ ነው። እሱንም ነካሁ። ማን ሾመኝ?

ለነፍሳቸው ብዬ ነው እል ነበር። ሲሞቱ ይህ ቃል እንዳይጠየቅባቸው እያዳንኳቸው ነው እል ነበር። ጋሼ አድኚኝ አላሉኝም። ጻፊልኝ ነው ያሉኝ።

የማርታን ስብከት ለብቻው መናገር አለብኝ። ጌታ ቢታንያ ቤታቸው በገባ ጊዜ ማርያም እግሩ ሥር ተቀምጣ ቃሉን ትሰማለች፣ ማርታ በሥራ ትባክናለች። ማርያም መልካሙን ዕድል መርጣለች ይላል ወንጌሉ። መነኩሴው ግን ከሁለቱ የበሰለችው ማርታ ናት ብሎ ሰበከ። ጋሼ ያንን ሲያስጽፉኝ ፊታቸው ወደ እኔ ነበር፤ ፈገግ ይሉ ነበር። በማግሥቱም በኅዳግ የሚገባ የራሳቸውን ማብራሪያ ጨመሩበት። ስብከቱን ባስጻፉኝ ዕለት ጠዋት አልጋቸውን ቀይሬ፣ አጥቤያቸው፣ ልብሳቸውን አልብሼ ነው የተቀመጥኩት። ለምን ፈገግ እንዳሉ አልጠየቅሁም። ስብከቱን ገልብጬ ማርያም ትበልጣለች ብዬ ጻፍኩ። ማብራሪያቸውን ጨርሶ አልጻፍኩትም። ሁለቱንም ግን እንዳሉት ከአእምሮዬ አነበብኩላቸው።

አንድ ቅዳሜ ጓደኛቸው ጋሼ ሰይፉ ከፔትዎርዝ መጡ። እሳቸውም ያው የዚያ ዘመን ስደተኛ ናቸው፤ ሲገናኙ መሰዳደብ ነው ሥራቸው።

«ያ ፈረንጅ መነኩሴህ አሁንም አልሞተም?» አሉ ገና ከበሩ።

«ካንተ ይሻላል። እሱ ሰባት መቶ ዓመት ሞቶ ይናገራል፣ አንተ በሕይወትህ አንድ ቁም ነገር ካፍህ አልወጣም።»

ጋሼ ሰይፉ ደብተሩን ከጠረጴዛው ላይ አነሡ። እኔ ሾርባ እያሞቅሁ ነበር። እጄ ማማሰያው ላይ ቀረ። መነጽራቸውን አስተካክለው ጮክ ብለው አንድ ገጽ አነበቡ። የእኔ ነበር። ከላይ እስከ ታች የእኔ ነበር ማለት ይቻላል።

«አንተ በላቸው!» ብለው ሳቁ። «ይኼ ሰውዬ ደብረ ሊባኖስ ነው እንዴ የመነኮሰው? የእሑድ ስብከት እኮ ነው! በዚህ ነው የከሰሱት? በዚህ ከተከሰሰማ የኛን ሰፈር ቄስ ሁሉ ማሰር ነው።»

ጋሼ በላቸው አልሳቁም። «እስቲ ድገመው» አሉ።

ደገሙት።

«እሺ» አሉ ጋሼ። ሾርባው ገንፍሎ ምድጃው ላይ ፈሰሰ። ጋሼ ሰይፉ «ኧረ ወይንሸት፣ ምሳችን!» ብለው ጮኹ። ደስ አለኝ፤ የምጠርገው ነገር አገኘሁ።

ሰኞ ስመጣ ጋሼ ተላጭተው ጠበቁኝ። ራሳቸው ነበሩ የተላጩት፤ ጉንጫቸው ተቆርጧል።

«ወይንሸት፣ እኔ የምለውን ነው የምትጽፊው?»

«አዎ ጋሼ።»

«እሺ። በይ ጻፊ።»

የዚያን ቀን ያስጻፉኝ የመነኩሴውን ክስ ነው። መነኩሴው ብዙውን ስብከት በገዛ እጁ አልጻፈውም፤ የሰሙት ናቸው የጻፉት አሉ። የሚወዱት ሰዎች ናቸው፤ አንዳንዱ በደንብ ሰምቷል፣ አንዳንዱ መስማት የፈለገውን ሰምቷል። ከሳሾቹ ከዚያ እየቀነጨቡ ዝርዝር አወጡበት። እሱም አንዳንዱን ብያለሁ፣ ትርጉሙም ይህ ነው አለ። አንዳንዱን ግን እኔ እንዲህ አላልኩም አለ። ማን ይመስክርለት?

እስክሪብቶዬ ቆመ።

«ምነው?» አሉ።

«እስክሪብቶው እምቢ አለኝ ጋሼ።»

«እንግዲያስ እስኪታረቅሽ እንጠብቀዋለን» አሉ።

እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ጠበቁ። አልቸኮሉም። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ፣ እኔ እንዳላፍር ብለው ይመስለኛል፤ የማያዩ ሰው ፊታቸውን አዞሩልኝ። ማሞቂያው ቋ ቋ ይላል። ከላይ ቤት ሰው ይራመዳል። ያ ዝምታ ለእኔ የተሰጠ ነበር። አሁን አውቃለሁ። ያኔም አውቄ ነበር። አንዲት ቃል ብቻ በቂ ነበረች። «ጋሼ» ብል እንኳ የቀረውን እሳቸው ይጨርሱልኝ ነበር።

«አሁን ጻፈ» አልኩ።

«ጥሩ» አሉ፤ ቀጠሉ። መነኩሴው በካቶሊኩ ሊቀ ጳጳሳት ፊት ክሱን ሊመልስ በእርጅናው ያን ሁሉ አገር አቋርጦ ሄደ። ፍርዱን ሳይሰማ ሞተ። ከሞተ በኋላ ከቃሉ አንዳንዱን አወገዙበት። ያንን ምዕራፍ አልነካሁትም። ስለ ክሱ የምታነቡት ሁሉ የጋሼ ነው። ከዚያ በኋላም አንድም ቃል አልነካሁም። ግን ከዚያ በኋላ የቀረው ደብተር አንድ ተኩል ብቻ ነበር። በፊት የነበረው ዘጠኝ ተኩል ነው።

በሚያዝያ አረፉ። ቀን ነበር፤ ሊያም እኔም አጠገባቸው ነበርን። ከዚያ በፊት ባለው ሳምንት «ሁሉም አለ አይደል?» አሉኝ።

«አለ ጋሼ።»

እጄን ፈልገው ያዙ። «እጅሽ ይባረክ» አሉኝ።

አውቀው ነበር ወይስ አላወቁም? ካላወቁ ያታለልኩት ሰው መረቀኝ። ካወቁ ምን አደረጉኝ? ስድስት ዓመት ይህን እያገላበጥኩ ነው። መልስ የለውም። መልስ የለውም እያልኩ ደግሞ እናደዳለሁ። በማን እንደምናደድም አላውቅም። ለምን አልጮሁብኝም? ለምን «ከቤቴ ውጪ» አላሉኝም?

ቃላቸውን መለወጤን ግን ለብዙ ጊዜ እንደ በጎ ሥራ ነበር የምቆጥረው። የለወጠኝ የእናቴ ሞት ነው። ባለፈው ዓመት እናቴ ደብረ ማርቆስ ታመመች። ለመንኩ። ሱባኤ ገባሁ። ልጄን የለመንኩትን ያህል ለመንኩ። እናቴ ሞተች። ከዚያ ጸሎት እምቢ አለኝ። ቆሜ ምን እንደምል ጠፋኝ። ልለምን? ለምኜ ነበር። ሳልለምን ደግሞ መቆም አላውቅበትም።

በዚያው ሰሞን ሊያ ዐሥራ አንዱን ደብተር በካርቶን ይዛ መጣች። «ወይኒ፣ ቡኩን ማሳተም እፈልጋለሁ። ታይፕ ታደርጊልኛለሽ? ካንቺ ሌላ የሚያውቀው የለም» አለችኝ። ፌቨን አሁን ነርሲንግ ትማራለች፤ በላፕቶፕ አማርኛ መጻፍ አሳየችኝ። ከመጀመሬ በፊት ግን የጸሎቱን ስብከት ፈለግሁ። ሳይለምኑ ስለ መቆም የሚናገረውን። ጋሼ አሳምረው ያሉትን። ለእኔ አሁን የሚያስፈልገኝ እሱ ነበር፤ እሱ ብቻ። ደብተሩን ገለጥኩ፣ በስመ አብ ይላል፣ ወረድኩ፦ «የጨነቀህን ሁሉ ለምነው፤ አባትህ ነውና ይሰማሃል።»

የገዛ እጄ ጽሑፍ ነው። ደብተሩን ወረወርኩት። ፌቨን ከመኝታ ቤት «ማሚ፣ አር ዩ ኦኬ?» አለችኝ።

ያንን ስብከት እንደምንም ከአእምሮዬ መለስኩት፤ የመጀመሪያዬ ስለነበር አልጠፋም። ከጥቂቱ በቀር ሌላውን ግን አልቻልኩም። ተናድጄ ልሞት ደርሻለሁ። ሁሉም በአንድ እጅ፣ በአንድ ዓይነት ቀለም የተጻፈ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር አነባለሁ፣ ይህ የጋሼ ነው እላለሁ። ደግሜ ሳነበው የእኔ ይመስለኛል። ሁለት ዓመት ሙሉ እሳቸውን ስሰማ አነጋገራቸውን ለምጄው ነበር፤ ስዋሽ በእሳቸው አነጋገር ነው የዋሸሁት። የሚያምረውን አንቀጽ እወደውና የማን እንደሆነ አላውቅም። አንዱ ገጽ ላይ ለአራት ሰዓት ተቀምጬ ተነሥቻለሁ። ጀርመንኛውን የሚያውቅ ሰው ስብከቶቹን አመሳክሮ ሊያርም ይችላል። ጋሼ በራሳቸው ቃል የጻፉትን የሕይወት ታሪኩን ግን ከምን ጋር ያመሳክረዋል? እሱን የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ። ምስክሩም ሌባውም አንድ ሰው ነው።

ሊያን ቤቴ ጠራኋት። ነገርኳት። በዓለም ላይ ይህን የነገርኳት እሷን ብቻ ነው።

«ዌይት» አለች። «አባዬ ሌላ ነገር አለ፣ አንቺ ሌላ ጻፍሽ?»

«አዎ።»

«ኤንድ ዜን አነበብሽለት። የቱን?»

«እሳቸው ያሉትን። ከአእምሮዬ።»

አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ «ኦኬ። የትኞቹ ናቸው? ሃይላይት አድርጊልኝ፣ እናስተካክለዋለን» አለች።

«አላውቅም።»

«ዋት ዱ ዩ ሚን አላውቅም?»

«ጥቂቱን አውቃለሁ። ሌላውን መለየት አቃተኝ ሊያ።»

ተነሥታ ቆመች። በእንግሊዝኛ ጀመረች፣ ተወችው፣ በአማርኛ ፈለገች። «እኔ ማንበብ አልችልም። ታውቂያለሽ አይደል? አባዬ ልጅ ሆኜ ሊያስተምረኝ ሲል እሸሽ ነበር። ይኼ ቡክ... እኔ እንድታነቢልኝ ነበር የፈለግሁት። አንቺ። በአማርኛ። የሱን ድምፅ የምሰማ መስሎኝ።»

ይቅርታ አልኳት። «ዶንት» አለችኝ። ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች። ሦስት ሳምንት ስልክ አላነሣችም።

ከዚያ ራሷ ኮል አደረገችኝ። «አሁንም ቡኩን እፈልገዋለሁ» አለች። «ግን ያደረግሽውን ጻፊው። ሁሉንም። ፊቱ ላይ አደርገዋለሁ። በራስሽ ስም።»

ይኸው ጻፍኩ። ይህን ማንም አላስጻፈኝም፤ ቃሉ ሁሉ የእኔ ነው።

በየገጹ ኅዳግ ሰፊ ባዶ ቦታ እንዲተው ጠይቄ ሊያ እሺ ብላኛለች። ጀርመንኛ የምታውቁ አርሙት። የእኔ መሆኑን በእርግጠኝነት የማውቀውን አውጥቼዋለሁ፤ ሌላው እንዳለ ነው። ስታነቡ በቀላሉ የሚያጽናናችሁ፣ ምንም የማይጠይቃችሁ ዓረፍተ ነገር ካጋጠማችሁ እኔን ጠርጥሩ። ልጄን ስለሰጠኝ አሁንም አመሰግነዋለሁ፤ ግን ምስጋናዬን በሌላ ሰው አፍ መናገር አልነበረብኝም።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ አርሊንግተን እየሄድኩ ለሊያ ከደብተሮቹ አነብላታለሁ፤ የተጻፈውን፣ እንደተጻፈ። የእኔ የሆነው ጋ ስደርስ ቆሜ «ይኼ የኔ ነው» እላታለሁ። የማላውቀው ጋ «አላውቅም» እላታለሁ። «አላውቅም» ስል ሁልጊዜ ፊቷ ይጠቁራል። ይጥቆር። አያታለሁ፤ ንባቤን እቀጥላለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ማርታ ጋ ደረስን። ደብተሩን ዘጋሁት። ያልጻፍኩትን የጋሼን ማብራሪያ ነገርኳት፤ ያን ቀን ለእሳቸው እንዳነበብኩላቸው፣ ባዶ ቦታ ላይ ዐይኔን ተክዬ፦

«ማርያም ገና ተቀምጣ መስማት ያስፈልጋታል። ማርታ ቀድሞ ሰምታለች፤ ስለዚህ ድስቱን ይዛም ከእሱ ጋር ናት። እኔን የምታነሣኝና የምታስተኛኝ ሴት አለች፤ ይህን ስብከት ያስገባሁት እሷ እንድትጽፈው ብዬ ነው።»

«እርግጠኛ ነሽ እንደዛ ነው ያለው?» አለችኝ ሊያ።

«አዎ» አልኳት።

ለአባቷም አዎ ብዬ ነበር። የምታምነኝ ምክንያት የላትም። እናንተም የላችሁም።